ከጣሪያችን ሥር ያለው ጎጆ

ባለፈው ጊዜ በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ እህል በጎተራ ሳለ ከነቀዝ ስለሚጠበቅበት መንገድ ጽፈን ነበር። ዛሬ ደግሞ ከጎተራው ቀና ብለን ወደ ጣሪያው ሥር እንመልከት። በዚያ ኪራይ የማይከፍሉ፥ ውል ያልተዋዋሉ፥ ነገር ግን ከእኛ ጋራ ባንድ ግቢ የሚኖሩ ጎረቤቶች አሉንና ስለ እነርሱ ጥቂት ቃል ለመናገር እንወዳለን።

በቋንቋችን የወፍ ማደሪያና የሰው ማደሪያ በአንድ ስም መጠራታቸውን ልብ የሚል ሰው ጥቂት ነው። ወፍ እንቍላሏን የምትጥልበት ጎጆ ይባላል፤ ገበሬው ሣር ከድኖ የሚሠራው ቤት ጎጆ ይባላል፤ የአብነት ተማሪ በደብሩ ቅጥር አጠገብ የሚቀልሳት ታናሽ መጠለያም ጎጆ ትባላለች። ሙሽሮች ከወላጆቻቸው ተለይተው ለራሳቸው ማደር ሲጀምሩም ጎጆ ወጡ እንላለን። አባቶቻችን ለዚህ ሁሉ አንድ ስም ማውጣታቸው ያለ ምክንያት አይመስለንም። በጭቃም ይሠራ በሣር፥ እናት ልጆቿን ከዝናምና ከነፋስ የምትሰውርበት ስፍራ ሁሉ አንድ ክብር አለው። እኛ ግን ይህን በቃል ስናውቅ ኖረን በሥራ ሳንፈጽመው ቀርተናል፤ እንዴት እንደ ሆነ ከዚህ በታች እንናገራለን።

ቤታችን በአዲስ አበባ ከተማ ነው። ግቢው ሰፊ አይደለም፤ አንድ የጽድ ዛፍና ሁለት ኮክ፥ በአጥሩም ዙሪያ ጌሾና ልዩ ልዩ ቍጥቋጦ አለበት። በዚህች ታናሽ ስፍራ ስንት ዓይነት ባለቤት እንዳለ ለማወቅ ጧት ተነሥቶ አንድ ስኒ ቡና ተጠጥቶ እስኪያልቅ ድረስ በበረንዳ መቀመጥ ይበቃል። በጽዱ ላይ ዋኖስ ትቀመጣለች፤ የእርሷ ጎጆ ጥቂት ጭራሮ የተነባበረበት ብቻ ስለ ሆነ፥ ከሥሩ ቆሞ ወደ ላይ ለሚመለከት እንቍላሉ በጭራሮው መካከል ሊታይ ይችላል። ድንቢጥ ደግሞ በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ያገኘችውን ቀዳዳ ሁሉ በገለባና በላባ ትሞላዋለች። ደረቷ ቢጫ፥ ጕንጯ ጥቁር የሆነች አንዲት ወፍም በኮኩ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ሣሩን እየሰነጠቀች እንደ ሸማኔ ትሸምናለች። የእርሷ ዘመዶች የሆኑት፥ በማኅበር ሆነው ባንድ ዛፍ ላይ ብዙ ጎጆ የሚያንጠለጥሉት ደግሞ፥ ወንዱ ጎጆውን ሠርቶ ሴቲቱን ይጠራታል፤ እርሷም ገብታ መርምራ ካልወደደችው ትታው ትሄዳለች፥ እርሱም የሠራውን አፍርሶ ሌላ ይጀምራል። በሰው ዘንድ ስንቱ ባል እንዲህ ያለ ትዕግሥት እንዳለው አንባቢዎቻችን ይፍረዱ።

በባሕር ዛፉ ጫፍ የሚጮኸው ማጅራተ ነጩ ቁራና፥ በትልልቅ አድባራት ጣሪያ ሥር የምትሰፍረው ማጅራቷ ነጭ የሆነ ርግብም የሰፈራችን ሰዎች ናቸው ለማለት ይቻላል። እነዚህን ሁለቱን እኛ በየቀኑ ስለምናያቸው እንደ ተራ ነገር እንቈጥራቸዋለን። ነገር ግን ከአፍሪካ ቀንድ በቀር በዓለም በሌላ ስፍራ አይገኙም። የፍራንክፈርት ተወላጅ የሆነው ኤድዋርድ ሩፔል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1830ዎቹ ወደ አገራችን መጥቶ ካያቸው በኋላ ለአውሮፓ ሊቃውንት በጽሑፍ አስታወቃቸው። አንድ የውጭ አገር ሰው ብዙ ወር ተጕዞ ያየውን እኛ ከመስኮታችን ቀና ብለን ሳናየው ዕድሜያችንን መፈጸም የሚያሳፍር ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ግን የዛሬው ነገራችን ስለ አንዲት ወፍ ነው። ጀርባዋ እንደ ተወለወለ ብረት የሚያብረቀርቅ ጥቁር ሰማያዊ፥ ወገቧ ቀላ ያለ፥ ጅራቷም ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። በየአገሩ ልዩ ልዩ ስም ቢኖራትም በቤታችን ልጆቹ ጅራተ መቀስ ስላሏት እኛም እንዲሁ እንላታለን። ይህች ወፍ የምትሠራው በጭቃ ነው። ዝናም ሲጀምር ከኵሬው ዳር በአፏ አንዲት ጠብታ ጭቃ እየያዘች ትመጣለች፤ ባሏም እንዲሁ ያመጣል። በበረንዳው ጣሪያና በግድግዳው መጋጠሚያ ላይ ጠብታውን ካጠብታው እያጣበቁ፥ የተጣበቀው እስኪደርቅ እየቈዩ፥ በብዙ መቶ የሚቈጠር መንገድ ተመላልሰው ሆዱ ሰፊ፥ አንገቱ ጠባብ የሆነ፥ እንደ ተጋደመ ጋን ያለ ቤት ይሠራሉ። ውስጡንም በላባና በለስላሳ ሣር ያነጥፉታል። ግንበኛ ሳይኖር፥ ውሃ ልክ ሳይኖር፥ ይህን ያህል ሥራ በሁለት ታናናሽ አፎች መፈጸሙ እጅግ ያስደንቃል።

አሁን በደላችንን እንናገር። ከሁለት ዓመት በፊት በነሐሴ መጨረሻ የዘመን መለወጫ ሲቃረብ ቤቱን ኖራ ለማስቀባት አሰናዳን። በአዲሱ ዓመት ዕለት ከሩቅ አገር የሚመጡ የተከበሩ ዘመድ ስለ ነበሩን በረንዳው እንዲያምር እጅግ ፈለግን። ከጎጆው በታች ደግሞ ወፎቹ የጣሉት ኵስ በወለሉና እንግዳ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ነጭ ሆኖ ይታይ ነበርና ባለቤታችን ሁለት ሦስት ጊዜ ተናግረውን ነበር። በጳጉሜን 3 ቀን ጧት ወደ ሥራ ስንወጣ ለግቢያችን ጠባቂ ለሽማግሌው «ይህን ጭቃ ዛሬ አንሡልን» ብለን አዘዝናቸው። እርሳቸውም ቀና ብለው አይተው፥ «ጌታዬ፥ ከውስጥ ድምፅ ይሰማኛል፤ ጥቂት ቀን ብንታገሥ ምን ይመስልዎታል?» አሉን። እኛም ሰዓቱ ስለ ረፈደብን፥ «እንግዳ ይመጣብናል» ብለን ሄድን።

ሽማግሌው ታዘዙ። ማታ ስንመለስ በረንዳው ታጥቧል፥ ግድግዳውም ነጭ ሆኗል። ታናሺቱ ልጃችን ግን በደረጃው ላይ ተቀምጣ በጭኗ ጥጥ የሞላበት የጫማ ካርቶን ይዛ አገኘናት። ከጎጆው ሦስት ጫጩቶች በሲሚንቶው ላይ ወድቀው ሁለቱ ወዲያው ሞተዋል፤ ሦስተኛዪቱን በጥጥ ብትጠቀልላትና ውሃ ብታቀምሳት እርሷም ፀሐይ ስትጠልቅ ሞተች። እናቲቱ ወፍ ባፏ ትንኝ እንደ ያዘች ጎጆው ወደ ነበረበት ስፍራ ትመጣለች፤ በነጩ ግድግዳ ፊት በአየር ቆማ ትርገበገብና ትመለሳለች። በማግሥቱም እንዲሁ አደረገች። በሦስተኛው ቀን አልመጣችም።

ልጃችን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። አላለቀሰችም፤ ነገር ግን ወደ እኛ ቀርባ፥ «አባባ፥ በፍርድ ቤት ሰው ቤቱን ልቀቅ ሲባል አስቀድሞ መጥሪያ ይደርሰዋል፥ ቀን ይቈረጥለታል ብለው ነግረውኝ አልነበረም? ለእነርሱስ መጥሪያውን ማን አደረሰላቸው?» ብላ ጠየቀችን።

እኛ ከሃያ ዓመት በላይ በፍርድ ቤት በጸሐፊነት አገልግለናል። ስንት የመጥሪያ ወረቀት፥ ስንት የቀጠሮ ትእዛዝ፥ ስንት የውሳኔ ግልባጭ በእጃችን እንደ ጻፍን ቍጥሩን አናውቀውም። ባለ ዕዳ እንኳ ቢሆን ሳይሰማ እንዳይፈረድበት፥ ሕፃናት ያሉበት ቤት ሲሆን ዳኛው በጥንቃቄ እንዲመለከተው የሚያዝዘውን ሥርዓት ስንጽፍ ኖረናል። ለዚህች ጥያቄ ግን መልስ አጣን። በዘመን መለወጫ ዕለት ልጃችን ከባልንጀሮቿ ጋራ አደይ አበባ ይዛ በየቤቱ አበባየሆሽ ስትል ውላ ወደ ቤታችን ስትደርስ፥ የቀሩት ልጆች በበረንዳው ላይ ቆመው ዘፈኑ፤ እርሷ ወደ ጣሪያው ሥር ተመለከተችና ዝም አለች። የተከበሩት እንግዳችንም በረንዳውን አላመሰገኑ አልነቀፉም፤ ለኖራውም ልብ ያሉ አልመሰለንም።

ከዚያ በኋላ ብዙ አሰብን። በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የሰማነው፥ በኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያነበብነው አንድ ሕግ ትዝ አለን። በኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ፥ ሰው በመንገድ ሲሄድ በዛፍ ወይም በምድር ላይ የወፍ ጎጆ ቢያገኝ፥ እናቲቱንና ልጆቿን አንድ ላይ እንዳይወስድ፥ እናቲቱን እንዲለቅቃት ታዝዟል። የሚያስደንቀው ግን የሕጉ ዋጋ ነው። ይህን የሚፈጽም ሰው መልካም እንዲሆንለትና ዕድሜው እንዲረዝም ተስፋ ተሰጥቶታል፤ አባትና እናቱን ለሚያከብር የተሰጠውም ተስፋ ይኸው ነው። ወላጅን የሚያከብርና የወፍን እናትነት የሚያከብር ሰው ባንድ ዓይነት ዋጋ መቈጠራቸው ትልቅ ትምህርት አለበት። ልጆቻችን እንዲያከብሩን የምንሻ ወላጆች ሁሉ በሌላው ፍጡር እናትነት ላይ የምናደርገውን በዓይናቸው እንደሚያዩ ማሰብ ይገባናል። በቤቱ ውስጥ አባት አዛዥ ነው፤ ነገር ግን ይግባኝ በማይባልበት ስፍራ የሚፈርድ ሰው ከማንኛውም ዳኛ ይልቅ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

ያፈረስነው ነገር ምን እንደ ሆነም ለማወቅ ስለ ነዚህ ወፎች የሚናገሩ መጻሕፍትን ማንበብ ጀመርን። ጅራተ መቀስ የምትመገበው የሚበርሩ ታናናሽ ነፍሳትን ብቻ ነው፤ ከጧት እስከ ማታ ዝንብና ትንኝ ስታድን ትውላለች፥ ከእህላችንም አንዲት ቅንጣት አትነካም። ወገኖቿ ብዙ ናቸው። በመስከረምና በጥቅምት በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ተሰልፈው የምናያቸው ከእነርሱ ብዙዎቹ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የመጡ እንግዶች ናቸው፤ በአገራችንም ጎጆ አይሠሩም። በበረንዳችን የሠራችው ግን የአገሩ ልጅ ናት።

ስለ እንግዶቹ መንገድ የሚነገር አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። በቀድሞ ዘመን በአውሮፓ አንዳንድ ሰዎች እነዚህ ወፎች ብርድ ሲመጣ በሐይቅ ጭቃ ውስጥ ገብተው የሚተኙ ይመስላቸው ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1911 በእንግሊዝ አገር በስታፎርድሻየር አውራጃ ጆን ሜስፊልድ የተባለ ሕግ አዋቂ፥ በቤቱ መግቢያ ጎጆ የሠራችውን ጅራተ መቀስ ይዞ ቍጥር ያለበት ቀለበት በእግሯ አሰረላትና ለቀቃት። በ1912 በታኅሣሥ ወር ያችው ወፍ ቀለበቷን እንዳደረገች በደቡብ አፍሪካ በናታል በአንድ የእርሻ ቤት ውስጥ ተገኘች። ክብደቷ 20 ግራም ያህል የሆነ ፍጥረት ይህን ሁሉ ባሕርና ምድረ በዳ አቋርጣ መሄዷ በዚህ ተረጋገጠ። እኛን ልባችንን የነካን ሌላው ነገር ነው፤ ያ ሰው እንደ እኛ የሕግ ሰው ነበረ፥ ወፏም እንደ እኛዪቱ በቤቱ ደጅ የምትኖር ነበረች። እርሱ ቀለበት አሰረላት፤ እኛ መጥረጊያ ላክንባት።

ስለ መስቀል ወፍም እግረ መንገዳችንን እንጨምር። ከሰው ጠፍቶ የሚከርም ወዳጅ ሲመጣ «እንደ መስቀል ወፍ ባመት አንድ ጊዜ» እያልን እንወቅሰዋለን። ነገር ግን በክረምትና በመስከረም በየመስኩ ቀይና ቢጫ፥ ጥቁርም ለብሰው ከሚታዩት ወፎች ብዙዎቹ በበጋ የትም አይሄዱም። ወንዶቹ የዘር ጊዜያቸው ሲፈጸም ያጌጡበትን ላባ ይጥሉና እንደ ሴቶቹ ቡናማ ሆነው እንደ ድንቢጥ ይመስላሉ። ስለዚህ በበጋ የተሰወሩብን እነርሱ ሸሽተውን ሳይሆን እኛ ሳናውቃቸው ቀርተን ነው።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ባለፈው ዓመት ዝናም ሲጀምር፥ በሰኔ 3 ቀን፥ ልጃችን ከበረንዳው እየሮጠች ገብታ «አባባ፥ ጭቃ!» አለችን። ወጥተን ብናይ በነጩ ግድግዳ ላይ፥ በዚያው በቀድሞው ስፍራ፥ እንደ ሽምብራ ፍሬ ያለች አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች። የመጡት የበደልናቸው ወፎች ይሁኑ ወይም ሌሎች መማል አንችልም፤ ባልተመሰከረ ነገር ላይ መፈረምም ሞያችን አይፈቅድልንም። ይሁን እንጂ ደስታችን እጅግ ታላቅ ነበር። በዚያ ማታ ከሥራ የተረፈ አንድ ባዶ መዝገብ ገዝተን ለልጃችን ሰጠናት፤ እርሷም በገጹ ራስ ላይ «የወፎቹ ጕዳይ» ብላ ጻፈች።

ከዚያ ጀምሮ እርሷ ጸሐፊ፥ እኛ አንባቢ ሆንን። በመዝገቡ እንዲህ የሚል ተገኝቷል፤ ሰኔ 20 ቀን ጎጆው ተፈጸመ፤ ሐምሌ 11 ቀን የጫጩት ድምፅ ተሰማ፤ ነሐሴ 5 ቀን አንደኛዪቱ ጫጩት በረረች፤ በማግሥቱም የቀሩት ሁለቱ። ወንድሟ በመካከል ጫጩቶቹ ቶሎ አልወጡም ብሎ በእንጨት ሊጐረጕር ቢነሣ፥ ሽማግሌው ጠባቂያችን «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማህም?» ብለው መለሱት። ባለቤታችንም ስለ ኵሱ ከእኛ ይልቅ የሚጠቅም ፍርድ ሰጡ፤ እንጨት ሠሪ አስጠርተው ከጎጆው በታች አንድ ክንድ ያህል ዝቅ አድርገው፥ ስፋቱ ሁለት ስንዝር የሆነ ሳንቃ በግድግዳው ላይ አስመቱ። ኵሱ ሁሉ በሳንቃው ላይ ቀረ፤ ወንበሩም ንጹሕ ሆነ። በጳጉሜን ያን ያህል ጥፋት ያደረስንበት ነገር በአንድ ሳንቃና በአራት ምስማር የሚፈጸም ኖሯል።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፤ ከዚህ የተማርነውን ለቤተ ሰብ እንዲጠቅም በአጭሩ እናሳስባለን። አንደኛ፥ ጣሪያ ከማሳደስና ግድግዳ ከማስቀባት በፊት ጎጆ መኖሩን መመልከት፥ ካለም ሥራውን በዚያ ስፍራ ብቻ ማቈየት ይገባል፤ የመጀመሪያው ጭቃ ከተመታ ጫጩቶቹ እስኪበርሩ ሁለት ወር ያህል ብቻ ነው። ሁለተኛ፥ አጥርና ዛፍ የሚያስተካክል ሰው መቍረጫውን ከማንሣቱ በፊት ቅጠሉን ገለጥ አድርጎ ይይ። ሦስተኛ፥ ላባ ያበቀለች ጫጩት በምድር ስትንፈራገጥ ብትገኝ የተጣለች አይደለችም፤ መብረር ስትማር ነውና ድመቷን አስሮ እናቷ እንድትመግባት መተው ወይም በቅርብ ቅርንጫፍ ላይ ማኖር ይሻላል። ላባ ያላበቀለችውን ግን ጎጆው ቅርብ ከሆነ ቀስ ብሎ መመለስ ነው፤ የሰው እጅ ከነካት እናቷ ትጠላታለች የሚባለው እውነት አይደለም። አራተኛ፥ የተባይ መርዝ በጎጆ አጠገብ አለመርጨት፤ ወፊቱ ለልጆቿ የምታጐርሰው ያንኑ ነፍሳት ነውና። አምስተኛ፥ ከሳንቃው ላይ ኵስ የጠረገ ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ። ስድስተኛ፥ ለወንዶች ልጆች ወንጭፍ ከመከልከል ይልቅ መዝገብ መስጠት ይበልጥ እንደሚጠቅም እኛ ምስክሮች ነን፤ ወንጭፍ ይዞ የነበረው ልጃችን ዛሬ ከእኅቱ ጋራ በመዝገቡ ላይ ማን ይጻፍ በማለት ይከራከራል።

በዚህ ሁሉ መካከል ልጃችን ያለፈውን ነገር አላነሣችብንም፤ እኛም ይቅርታ ለመጠየቅ ቃል ስንፈልግ ብዙ ጊዜ ቈየን። በመጨረሻ በጳጉሜን ኖራ ቀቢው ሲመጣ ቃሉን በሥራ አገኘነው። ጎጆው በዚያን ጊዜ ባዶ ነበረ፤ ነገር ግን እነዚህ ወፎች አሮጌውን ጎጆ አድሰው ዳግመኛ እንደሚገቡበት ስላነበብን፥ ቀቢውን ጠርተን በልጃችን ፊት፥ «ከጎጆው ዙሪያ ሁለት ክንድ ያህል አትንካ» ብለን አዘዝነው። እርሷም ይህን ሰምታ መዝገቧን አመጣችና ቀኑን ጻፈች።

በዘመን መለወጫ ዕለት እኒያው የተከበሩ ዘመዳችን ተመልሰው መጡ። በወንበራቸው ተቀምጠው ቡና ሲጠጡ ወደ ግድግዳው ተመለከቱና በፈገግታ፥ «ምነው፥ ኖራው አልበቃችሁምን?» አሉ። ባለቤታችንም ስኒውን እየተቀበሉ፥ «በቅቶን ነበር፤ ያ ስፍራ ግን ባለቤት አለው» ብለው መለሱላቸው። ወዲያው ከበሩ ውጭ የልጆች ድምፅ ተሰማ፤ ልጃችን አደይ አበባዋን ይዛ በፊት ሆና ገባች፥ ከበረንዳውም ሥር ቆማ ከባልንጀሮቿ ሁሉ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ዘፈነች።